የቼዝ የሴቶች ክፍል፦ ለምን ተከፈተ፣ በማን ላይስ ተዘጋ?

ለልጆቻችን የቅዳሜ ክበብ ስለሚገዙት የቼዝ ሰሌዳዎች የተነጋገርንበትን የቁጠባ ስብሰባ የነበራችሁ አባላት ታስታውሳላችሁ። የአንዷ አባላችን ልጅ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት፣ ቡና እያደለች ሳለ አንድ ጥያቄ ጣል አድርጋብን አለፈች። «ሩጫው ይገባኛል። ቼዝ ግን ቁጭ ብለው ነው የሚጫወቱት፤ ለሴቶች ብቻ የሚባል ውድድር ለምን አስፈለገ?» አለች። ግማሾቻችን ሳቅን። አንዳንዶቻችን ደግሞ «ወንዶቹ ስለሚበልጡ ነዋ» ብለን መለስንና ከአፋችን ከወጣ በኋላ ደነገጥን። በዚያው ጠረጴዛ ላይ የዓመቱ የብድር አመላለስ ሪፖርት ተዘርግቶ ነበር፤ ሴት ገንዘብ መያዝ አትችልም የሚሉትን ዝም ለማሰኘት የምናሳየው ሪፖርት።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። የዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን ትራንስጀንደር ሴቶችን ከሴቶች ውድድር ማገዱን ያነበቡ ነበሩና እሱም ተነሣ። ትራንስጀንደር ሴት የሚባሉት ሲወለዱ ወንድ ተብለው የተመዘገቡ፣ ራሳቸውን ግን ሴት አድርገው የሚያውቁና እንደ ሴት የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። በእኛ ስብሰባ ስለእነርሱ በግልጽ ሲወራ ያ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ድምፅ ከፍ ከፍ አለ፤ በረካው በየስኒው ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ጸሐፊያችን «ቁጥርና ዓመተ ምሕረት ያለበት ነገር ነው፤ ሒሳቡን የያዛችሁት አጣርታችሁ ጻፉልን» አለችን። እኛም አጣርተን ይኸው ጻፍን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ለእኛ ለሒሳብ ሠራተኞች ሰንጠረዥ ማለት በየቀኑ ረድፍና ዓምድ የምናሰምርበት ወረቀት ነው። ቃሉ ግን የጨዋታም ስም ነው፤ መኳንንቱ ይጫወቱት የነበረው የአገራችን ቼዝ ሰንጠረዥ ይባላል። ጨዋታው ሲከፈት ሁለቱም ወገኖች ተራ ሳይጠባበቁ ጠጠሮቻቸውን የሚያንቀሳቅሱበት «ወረራ» የተባለ ክፍል ነበረው። በዚያ ሰሌዳ ላይ ከንጉሡ አጠገብ የሚቆመው ፈርዝ ነው። ስሙ ከፋርስ በዓረብ በኩል የመጣ ሲሆን አማካሪ እንደ ማለት ነው፤ ወንድ ነው። ጨዋታው ወደ አውሮፓ ሲሻገር ያው ጠጠር ንግሥት ተባለ። በመጀመሪያ ንግሥቲቱም እንደ ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ነበር የምትራመደው። በ15ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ግን ሕጉ ተቀየረና በሁሉም አቅጣጫ የፈለገችውን ያህል እንድትሄድ ተፈቀደላት፤ ከሰሌዳው ጠጠር ሁሉ ብርቱዋ ሆነች። ጠጠሩ እንኳ በአንዱ አገር ወንድ፣ በሌላው አገር ሴት መሆኑ ገርሞን ነው ይህን ያነሣነው። ንግሥቲቱን በእጃቸው ለማንቀሳቀስ የሚሹ ሴቶች ግን ወደ ውድድር አዳራሽ እስኪገቡ ገና ብዙ መቶ ዓመት ይቀራቸው ነበር።

በ19ኛው መቶ ዘመን በአውሮፓ የቼዝ ክበብ ማለት በአብዛኛው የወንዶች ክበብ ነበር። ማታ የሚከፈት፣ ጭስ የሞላበት፣ ሴት ብትመጣ የማን ሚስት ናት የሚባልበት ቦታ። ለንደን ውስጥ ሴቶች የራሳቸውን የቼዝ ክበብ በ1895 አቋቋሙ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው ለንደን የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የሴቶች ውድድር ተደረገና ሜሪ ራጅ የተባለች እንግሊዛዊት አሸነፈች። እዚህ ላይ ቆም በሉልን። የሴቶች ክፍል የተጀመረው «ከወንዶቹ ጋር አንችልም» ከሚል አይደለም። የሚቀመጡበት ወንበር ስላጡ ነው።

የእኛ ማኅበርስ ከዚህ ምን ይለያል? ለጋሾች በየጊዜው «ለምን ሴቶች ብቻ?» ብለው ይጠይቁናል። መልሳችን ሁልጊዜ አንድ ነው፦ የቤቱ ካርታ በባል ስም ስለሆነ፣ ባንክ መያዣ ስለሚጠይቅ፣ ስብሰባው ማታ ሲሆን ልጅ ይዞ የሚቀር ስለሌለ። ሴት መደመር ስለማትችል ብለን መልሰን አናውቅም።

ፊዴ በመባል የሚታወቀው የዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን የመጀመሪያውን የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና ያዘጋጀው በ1927 ነው፤ በለንደን፣ ከመጀመሪያው የቼዝ ኦሊምፒያድ ጎን ለጎን። 12 ሴቶች ተወዳደሩ። ከ11 ጨዋታ አሥሩን አሸንፋ አንዱን አቻ ወጥታ ዋንጫውን የወሰደችው ቬራ ሜንቺክ ነበረች። ሞስኮ ተወልዳ ያደገች፣ አባቷ ቼክ እናቷ እንግሊዛዊት፣ ከሩሲያ አብዮት በኋላ በ1921 ወደ እንግሊዝ የመጣች ስደተኛ ናት። ቋንቋው ገና ሳይፈታላት ሄስቲንግስ ከተባለችው የባሕር ዳር ከተማ የቼዝ ክበብ ገባች። ቼዝ ብዙ ንግግር አይጠይቅም፤ ለስደተኛ ልጅ የሚመች ነገር ነው። በዓረብ አገርም ሆነ በሌላ ስደት የቆያችሁ አባሎቻችን ይህን ከእኛ በላይ ትረዱታላችሁ።

ሜንቺክ በሴቶች ሻምፒዮናነቷ ብቻ አልተወሰነችም፤ ከወንዶቹም ጋር ትጫወት ነበር። በ1929 በካርልስባድ ከተማ ታላላቆቹ ባሉበት ውድድር ስትጋበዝ አልበርት ቤከር የተባለ የቪየና ተጫዋች በእርሷ የተሸነፈ ሁሉ «የቬራ ሜንቺክ ክበብ» አባል ይሁን ብሎ ቀለደ። የክበቡ የመጀመሪያ አባል ራሱ ሆነ። እውነቱን ለመናገር በዚያ ውድድር ሜንቺክ የጨረሰችው በመጨረሻው ደረጃ ነው፤ ይህን ደብቀን ብንጽፍ ሒሳብ አጭበርበርን ማለት ነው። ሆኖም የክበቡ አባላት ቁጥር በየዓመቱ ጨመረ። በኋላ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው የኔዘርላንዱ ማክስ ኡቬ ሁለት ጊዜ ተሸንፎላት ገባበት፤ አሜሪካዊው ሳሙኤል ሬሼቭስኪም እንዲሁ። የሴቶቹን ሻምፒዮናነት ከ1927 ጀምሮ ማንም አልነጠቃትም። በጁን 1944 የጀርመን በራሪ ቦምብ ለንደን የሚገኘውን ቤታቸውን ሲመታ ከእናቷና ከእህቷ ጋር ሞተች። ያን ጊዜም ሻምፒዮን ነበረች።

ከሜንቺክ ታሪክ የምንወስደው በሁለቱም ክፍል መጫወቷን ነው። የሴቶች ክፍል ስሟን አስጠራላት፣ ግብዣ አመጣላት፤ ክፍቱ ክፍል ደግሞ አቅሟን አሳየላት። አንዱ ሌላውን አልከለከላትም። ብዙ ሰው «የወንዶች ውድድር» የሚለው ነገር በደንቡ ዛሬ «ክፍት» ነው የሚባለው። ሴትም ወንድም የሚገባበት ነው። የተከለለው የሴቶቹ ክፍል ብቻ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ሻምፒዮናነቱ ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄዶ እዚያው ለረጅም ጊዜ ቆየ። ከእነዚያ ሁሉ ጆርጂያዊቷን ኖና ጋፕሪንዳሽቪሊን ብቻ እንጥቀስ። ከ1962 እስከ 1978 ሻምፒዮን ነበረች፤ በ1978 ለወንዶቹ ብቻ ይሰጥ የነበረውን ሙሉ የግራንድማስተር ማዕረግ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ከአርባ ዓመት በኋላ ኔትፍሊክስ ያቀረበው አንድ ታዋቂ ተከታታይ ፊልም ከወንዶች ጋር ተጫውታ እንደማታውቅ አድርጎ ስሟን ጠራት። ከ80 ዓመት በላይ ሆና በ2021 አሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሰች፤ በማግስቱ ዓመት በስምምነት ተዘጋ። ፊልሙ በሚናገርለት ዘመን እርሷ ከብዙ አሥር ወንዶች ጋር ተጫውታለች። ይህን ያህል በቀላሉ ነው የሴት ሥራ ከመዝገብ የሚወጣው።

አሁን ወደ እኛ ሙያ የሚቀርበውን እንንገራችሁ። በ1980ዎቹ ሀንጋሪ ውስጥ ሱዛን ፖልጋር የምትባል ልጅ ነበረች። አባቷ ሦስቱን ሴት ልጆቹን ቤት ውስጥ በቼዝ አሳደጋቸው፤ ሊቅ በሥልጠና ይሠራል እንጂ አይወለድም የሚል እምነት ነበረው። ሱዛን የሴቶች ውድድር ትታ ከወንዶች ጋር መጫወት መረጠች። በ15 ዓመቷ የዓለም ሴቶች የነጥብ ዝርዝር ላይ አንደኛ ወጣች።

በቼዝ እያንዳንዱ ተጫዋች የደረጃ ነጥብ አለው፤ ስታሸንፍ ይጨምራል፣ ስትሸነፍ ይቀንሳል፤ ጠንካራ ባላጋራ ስታሸንፍ ጭማሪው ይበዛል። በኖቬምበር 1986 ፊዴ ለሁሉም ንቁ ሴት ተጫዋቾች 100 ነጥብ በአንድ ጊዜ ጨመረ። ለአንዲት ብቻ አልጨመረም፦ ለሱዛን ፖልጋር። በጃንዋሪ 1987 ዝርዝር ሲወጣ ከአንደኝነቷ ወርዳ የሶቪየቷ ማያ ቺቡርዳኒድዜ አንደኛ ሆነች።

ፊዴ ምክንያት አልነበረውም አንልም። ሴቶቹ በአብዛኛው እርስ በርስ ስለሚጫወቱ ነጥባቸው ከአጠቃላዩ ጋር ሲነጻጸር ዝቅ ብሎ ቀርቷል፤ ፖልጋር ግን ከወንዶች ጋር ስለተጫወተች ነጥቧ ትክክል ነው፤ ማስተካከያ አያሻትም የሚል ነበር። ዝግ በሆነ ኩሬ ውስጥ ውኃው እንደማይጨምር ሁሉ ዝግ ቡድን ውስጥም ነጥብ ብዙ አያድግም፤ ስሌቱ በራሱ የሚያስቅ አይደለም። ግን እኛ ማስተካከያ ምዝገባ ምን እንደሆነ እናውቃለን። ስሕተት ያለበትን እያንዳንዱን ሒሳብ ለይተሽ፣ ሰነዱን አገላብጠሽ፣ ልዩነቱን አስልተሽ ታስተካክያለሽ። ለሁሉም እኩል ድፍን ቁጥር ጨምረሽ አንድ ሒሳብ ብቻ በስም ከዘለልሽ ኦዲተሩ የመጀመሪያ ጥያቄው እሱ ነው። ከወንዶች ጋር ብዙ የተጫወቱ ሌሎች ሴቶችም ነበሩ፤ እነርሱ 100ውን አግኝተዋል። ከክልሉ ወጥታ የሄደችው ልጅ ግን በመውጣቷ ከፈለች።

ሱዛን በ1991 ሙሉ ግራንድማስተር ሆነች። በዚያው ዓመት መጨረሻ ታናሿ ዩዲት በ15 ዓመት ከ4 ወሯ ማዕረጉን አገኘችና የአሜሪካዊውን የቦቢ ፊሸርን የዕድሜ ክብረ ወሰን ሰበረች። ዩዲት ለሴቶች የዓለም ሻምፒዮናነት አንድ ጊዜም አልተወዳደረችም። በ2002 ጋሪ ካስፓሮቭን አሸነፈች፤ በ2005 በዓለም አጠቃላይ ዝርዝር 8ኛ ደረጃ ደረሰች። ሴቶች ዝቅ ያለ ዒላማ እንዲይዙ ያደርጋል በማለት የሴቶች ማዕረግ እንዲቀር ስትናገር ኖራለች።

የሴቶች ማዕረግ የምትለውን በቁጥር እንየው። ግራንድማስተር ለመሆን 2500 ነጥብ ያስፈልጋል፤ በ1976 የተጀመረው «የሴቶች ግራንድማስተር» 2300 ይበቃዋል። የ200 ነጥብ ልዩነት ቀላል አይደለም። በዓለም ላይ ከሞላ ጎደል 2,000 ከሚጠጉት ሙሉ ግራንድማስተሮች ሴቶቹ 40ን ጥቂት ቢያልፉ ነው። በዚህ ላይ ዩዲት ትክክል ናት የሚሉ አባላት አሉን። ነገር ግን ሽልማቱንም ተመልከቱ። በ2023 የተደረገው የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና ሽልማት 500,000 ዩሮ ነበር፤ በዚያው ዓመት የክፍቱ 2 ሚሊዮን ዩሮ ነበር። አንድ ለአራት ነው፣ ያሳዝናል። የሴቶቹ ክፍል ቢዘጋ ግን ያ 500,000 ዩሮ ወደ የትኛዋም ሴት ቦርሳ አይገባም። ቼዝ ተጫውታ ቤት ኪራይ የምትከፍል ሴት ዛሬ አለች ቢባል በአብዛኛው በዚህ ክፍል ምክንያት ነው። በኦሊምፒያዱ የሴቶች ክፍል የኢትዮጵያ ቡድንም ተሰልፎ ያውቃል፤ ክፍሉ ባይኖር ከነዚያ ልጆች ስንቶቹ የአውሮፕላን ትኬት ያገኙ ነበር? ዩዲት ሦስት ሊቃውንት ባሉበት ቤት ያደገች ናት። ሁሉም ሴት እንዲህ ያለ ቤት የለውም።

«ወንዶቹ ስለሚበልጡ ነዋ» ወዳልነው እንመለስ። በ2009 የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት የጀርመንን የቼዝ ተጫዋቾች መዝገብ ወሰደ። በጊዜው ከ16 ወንድ አንዲት ሴት ነበረች። አጥኚዎቹ 100ዎቹን ምርጥ ወንዶችና 100ዎቹን ምርጥ ሴቶች ጥንድ ጥንድ አድርገው ሲያነጻጽሩ ከልዩነቱ 96 ከመቶ ያህሉ በቁጥር ብዛት ብቻ የሚጠበቅ ሆኖ አገኙት። ነገሩ እንዲህ ነው፦ 160 ልጆች ካሉበት ክፍልና 10 ልጆች ካሉበት ክፍል አንደኛ የወጡትን ብታወዳድሩ፣ ልጆቹ በአማካይ እኩል ቢሆኑም የትልቁ ክፍል አንደኛ መብለጡ አይቀርም። ስሌቱን የተቹ ሌሎች አጥኚዎች አሉ፤ ሴቶቹ ለምን አነሱ የሚለውንም ጥናቱ አይመልስም። ሌላ በ2008 የወጣ የጣሊያን ጥናት አቅማቸው የተመጣጠነ 42 የሴትና የወንድ ጥንዶችን በኢንተርኔት አጫወተ። ሴቶቹ ባላጋራቸው ወንድ መሆኑን አውቀው ስለ ወንዶች ብልጫ ሲነገራቸው ውጤታቸው በግማሽ ያህል ወረደ። ባላጋራሽ ሴት ናት ሲባሉ ግን፣ እውነቱ ወንድ ቢሆንም፣ እኩል ተጫወቱ። ይህን ያነበብን ቀን በስብሰባው ላይ በዚያች ልጅ ፊት የሰጠነው መልስ ትዝ አለን።

እንግዲህ ወደ 2023። ከዚያ ቀደም ብሎ የዋናና የአትሌቲክስ ዓለም አቀፍ ማኅበራት የወንድ ጉርምስና ያለፉ ትራንስጀንደር ሴቶችን ከሴቶች ውድድር አግደው ነበር፤ ክርክራቸው ስለ ጡንቻ፣ ስለ አጥንትና ስለ ሆርሞን ነው። ፊዴም ከኦገስት 21 ቀን 2023 ጀምሮ የሚጸና ደንብ አወጣ። በደንቡ መሠረት ትራንስጀንደር ሴቶች ሌላ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ በፊዴ ይፋዊ የሴቶች ውድድር መካፈል አይችሉም ነበር፤ ለውሳኔው እስከ ሁለት ዓመት ጊዜ ተያዘ። በክፍቱ ክፍል መጫወት አልተከለከሉም። የሴቶች ማዕረግ ይዞ በኋላ በወንድነት የተመዘገበ ሰው ማዕረጉ ይነሣበት ነበር፤ በወንድነት ማዕረግ ያገኘችና በኋላ በሴትነት የተመዘገበች ግን የቀድሞ ማዕረጓ ይቆይላት ነበር። በተጨማሪም ፊዴ በተጫዋቹ መዝገብ ላይ ምልክት የማድረግና ለውድድር አዘጋጆች የማሳወቅ መብት ነበረው።

የማዕረጉን ነገር በሒሳብ ዓይን ብናየው እንዲህ ነው። የተነሣው «የሴቶች ግራንድማስተር» በአጠቃላዩ ማዕረግ ወደ ፊዴ ማስተር ሊዛወር ይችላል ይል ነበር። ሁለቱም 2300 ነጥብ ስለሚጠይቁ ከሒሳብ ወደ ሒሳብ ዝውውር ይመስላል። አይደለም። ለሴቶች ግራንድማስተርነት ከነጥቡ ሌላ በጠንካራ ውድድሮች ደጋግሞ የተመዘገበ ውጤት ያስፈልጋል፤ ለፊዴ ማስተር ነጥቡ ብቻ ይበቃል። ስለዚህ ሲዛወር የዓመታት ሥራ በመንገድ ይቀራል። ሰውዬው ያን ሁሉ ጨዋታ የተጫወተው በጊዜው በነበረው ደንብ፣ በጊዜው በነበረው ምዝገባ ነው። የተዘጋ የበጀት ዓመት መዝገብ ተመልሶ አይፋቅም።

ምልክት ማድረጉ ደግሞ ሌላ ነው። እኛ ዘንድ በሕመም ምክንያት አስቸኳይ ብድር የጠየቀች አባል አለች እንበል። የሕመሟን ዓይነት በሁሉም እጅ በሚዞረው የብድር መዝገብ ላይ ብንጽፈው ማኅበሩ በማግስቱ በፈረሰ ነበር። ትራንስጀንደር መሆን ወንጀል በሆነበት አገር ውድድር ለሚሄድ ሰው ያ ምልክት ምን ሊያመጣበት እንደሚችል ለመገመት ብዙ ማሰብ አይጠይቅም።

ደንቡ ስለ አካልም ሆነ ስለ አእምሮ ብልጫ ያቀረበው ማስረጃ አልነበረም። ለብዙዎች፣ ለእኛም፣ የሚከነክነው ይህ ነው። ወንድ ሆኖ የተወለደ በቼዝ ይበልጣል ተብሎ ከሆነ የተሰደቡት ትራንስጀንደር ሴቶቹ ብቻ አይደሉም፤ ሜንቺክም፣ ፖልጋሮቹም፣ ያቺ የስምንተኛ ክፍል ተማሪም ናቸው። የአሜሪካና የእንግሊዝ ፌዴሬሽኖች በራሳቸው ውድድሮች እገዳውን አልተከተሉም። በዚያው ወር ፈረንሳይ ውስጥ 14 ሴቶች በቼዝ ዓለም ስለደረሰባቸው ፆታዊ ጥቃት ይፋ ደብዳቤ አወጡ፤ ብዙ ሳይቆይ ፈራሚዎቹ ከ100 አለፉ። ከፈረሙት አንዷ ዮሻ ኢግሌሲያስ ናት፤ ትራንስጀንደር ሴት መሆኗን በግልጽ የምትናገር ተጫዋችና አሠልጣኝ። በክፍሉ ያሉትን ሴቶች የሚያሸሻቸው ምን እንደሆነ ማወቅ የፈለገ ያን ደብዳቤ ማንበብ ነበረበት።

በስብሰባችን «ወንዶች ሽልማት ፈልገው ሴት ነን ቢሉስ?» የተባለውን አልረሳነውም። ምሳሌው ከጎረቤት አለ። በኤፕሪል 2023 ናይሮቢ በተደረገው የኬንያ ክፍት ውድድር አንድ የ25 ዓመት ወጣት ኒቃብ ለብሶ፣ መነጽር አድርጎ፣ በሴት ስም ተመዝግቦ የሴቶቹ ክፍል ገባ። የማይታወቅ ሰው ጠንካራ ተጫዋቾችን እያሸነፈ፣ ከማንም ጋር ሳያወራ አራተኛ ዙር ሲደርስ አዘጋጆቹ ጠረጠሩት። የገንዘብ ችግር ነበረብኝ ብሎ አመነ። ይህ ልጅ ትራንስጀንደር አይደለም፤ አጭበርባሪ ነው። የተያዘውም ከኦገስቱ ደንብ በፊት፣ በነበረው ደንብ ነው። የውሸት ደረሰኝ ያመጣ ሰው ተገኘ ብለን ደረሰኝ ያመጡትን ሁሉ አናባርርም።

ከሁሉ የከበደንን ክርክር ያነሣችው ግን ከመሥራቾቻችን አንዷ፣ እትዬ የምንላት ትልቅ እናት ነች። እንዲህ አለች፦ «ክፍሉ የተከፈተው በአእምሮ ሳይሆን በዕድል ምክንያት ነው ካላችሁ፣ በወንድ ልጅነት ያደገችው ዕድሉን አግኝታለች። አባቷ ክበብ ወስዷታል፤ ወጥ ጠብቂ አላላትም። ታዲያ ከእኛ ልጅ ጋር እኩል ናት?» ማንም አልሳቀም። እኛም ቀላል መልስ የለንም። በልጅነት የተገኘ ሥልጠና ስም ሲቀየር አይጠፋም።

ሆኖም ክፍሉ ያሳለፉትን ሕይወት መዝኖ አያውቅም። መንግሥት አሠልጣኝ የቀጠረላት የሞስኮ ልጅና በአንድ የተሰበረ ሰሌዳ የተማረች የገጠር ልጅ በአንድ የሴቶች ክፍል ሲቀመጡ ማንም የልጅነት ታሪካቸውን ጠይቆ አያውቅም። የፖልጋር አባት ለልጆቹ የሰጠውን ሥልጠና ያገኙ ወንዶችም ጥቂት ናቸው። ለሁሉም ያልጠየቅነውን ጥያቄ ለአንድ ወገን ብቻ ብንጠይቅ ያ የ1986ቱ 100 ነጥብ ይሆናል። ደግሞም ክፍሉ የተከፈተው በአዳራሹ ውስጥ ለሚያፈጥጡባቸው፣ ለሚሳቅባቸው፣ ለሚፈሩ ከሆነ፣ ትራንስጀንደር ሴት ክፍት ክፍል ውስጥ ብቻዋን ስትቀመጥ የሚገጥማት ይኸው ነው። ስለዚህ እኛ ሒሳቡን የያዝነው፣ ማስረጃ ሳይቀርብ በቅድሚያ በሩን መዝጋት ስሕተት ነበር እንላለን። እትዬ አልተስማማችም። የእርሷም ቃል በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍር ጠይቃ ሰፍሯል።

የቅዳሜው ክበብ ጉዳይ በዚሁ ስብሰባ ተወስኗል። ስምንት ሰሌዳ ይገዛል፤ ገንዘቡ ከትምህርት ድጋፍ ሒሳብ ይወጣል። ጠዋት ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት የሴት ልጆች ነው፣ ከሰዓት በኋላ ለወንዱም ለሴቱም ክፍት ነው፤ ጠዋት የምትመጣ ልጅ ከሰዓትም መቆየት ትችላለች። በምዝገባ ቅጹ ላይ ስም፣ ዕድሜና የአሳዳጊ ስልክ ብቻ ይጠየቃል። ጥያቄውን ያነሣችው ልጅ ጠዋት አልመጣም፣ ከሰዓት ነው የምመጣው ብላለች፤ እናቷ ደግሞ ሁለቱንም ትመጣለሽ ብላታለች። እሱን እዚያው ቤታቸው ይጨርሱት።